ገመዱ በማን እግር ላይ ነው

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለየሺመቤት፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? የሞምባሳ ሙቀት ለቀቅ አደረገሽ ወይ? እኛ ዘንድ ጥምቀት በሰላም አልፏል። እናቴም ደህና ናት፤ «ዓሣ አጠናለሁ ብላ ዓሣ ብቻ እየበላች እንዳትከሳ» ብላሻለች።

ይህን ያህል ሳልጽፍ በመቆየቴ አትቀየሚኝ። በስልክ ስናወራ መስመሩ እየተቆረጠ፣ አንቺ ዘጋብኝ ስትይ፣ እኔም ዘጋችብኝ ስል ተኳርፈን ልናልቅ ሆነና «ደብዳቤ እንጻጻፍ፣ ኔትወርክ ሲመጣ በኢሜይል እንላላክ» ያልሁት እኔው ነበርሁ። ከዚያ የጠፋሁትም እኔው።

«ከሥራ መልስ የት ነው የምትውለው? ስደውል ሁልጊዜ ንፋስ ይሰማኛል» ላልሽኝ መልሱ ይኸው፤ ሐይቁ ላይ ነኝ። አትሳቂብኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ጨዋታ ጀመርሁ። ሐይቁ ዳር ሎጅ ያላቸውን አቶ መርስዔ ኀዘንን ታውቂያቸዋለሽ። እንግዳ ሲጠፋ ዕቃ ቤት የከተቷቸው፣ ሰው ውሃ ላይ ቆሞ የሚነዳቸው ሁለት ቦርዶች ነበሯቸው። ከቦርዱ ሥር ረዘም ያለ ብረት ይወርዳል፤ ብረቱ ጫፍ ላይ የአውሮፕላን ክንፍ የመሰለ ነገር አለ፣ ፎይል ይሉታል። በእጅሽ ትንሽ ሸራ ትይዣለሽ። ንፋሱ ሲገፋሽ ያ ክንፍ ውሃው ውስጥ ሆኖ ቦርዱን ወደ ላይ ያነሣዋል። ከዚያ በኋላ ማዕበሉም አይነካሽ፣ ድምፅም የለ። ከፋብሪካው የሽመና ማሽን ጩኸት ወጥቼ ያን ጸጥታ ሳገኘው ምን እንደሚሰማኝ ልነግርሽ አልችልም።

ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር የጠገንኋቸው እኔ ነኝ። አነዳዱን ያስተማረችኝ ደግሞ የአቶ መርስዔ ልጅ ሔራን ናት። እሷ ሐዋሳ ሳለች ነው የተማረችው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ቦርዱን ከእግር ጋር የሚያያይዝ ገመድ አለ፣ ሊሽ ይባላል፤ ሰው ሲወድቅ ቦርዱ ጥሎት እንዳይሄድ ነው። የእኛዎቹን ፀሐይ በልቷቸው ተሰነጣጥቀዋል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ሲቆጣ ቀላል አይደለም፤ ንፋሱም የሚገፋው ዓባይ ወደሚወጣበት፣ ወደ ጉማሬዎቹ በኩል ነው። እዚህ የሚሸጥ የለም። ሞምባሳ ግን የባሕር ከተማ ናት። ጠንካራ የሆነ፣ ባት ላይ የሚታሰር፣ ሁለት ግዢልኝ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለቀጭን ባት የሚሆን።

ያንቺው ብሩክ

———

ሞምባሳ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብሩክ፣

ደህና ነኝ። ሙቀቱ አልለቀቀኝም፤ ደብዳቤህ ደግሞ ጨመረበት።

ስለ ጸጥታው የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። አብረን በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ጸጥታ እንደናፈቀህ ነግረኸኝ አታውቅም። እኔ ነበርኩ እንዴ ጩኸቱ?

«አንዱ ለቀጭን ባት የሚሆን።» ይህችን ደግሞ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ መምህሩ ስለ ዓሣ እንቁላል ሲያስረዳ፣ ደብተሬ ላይ እንደ ሞኝ ጽፌያት አገኘሁ። ባቷ ቀጭን መሆኑን እንዴት አወቅህ? በሜትር ለካኸው ወይስ በእጅህ? የእኔ ጫማ ቁጥር እንኳ ይጠፋብሃል፤ ጫማ ልትገዛልኝ በሄድክ ቁጥር ከሱቁ በር ላይ ሆነህ ነው የምትደውልልኝ። ሌላም ልጠይቅህ፦ ስንት ዓመቷ ነው? ያገባች ናት? ስታስተምርህ እንዴት ነው የምትይዝህ?

የሆነ ሆኖ ሱቁ ሄጄ ነበር። አብሮኝ የሚማረው አብዱልበሲጥ፣ የወረታው ነጋዴ ልጅ፣ ስዋሂሊ ስለለመደ እሱ ወሰደኝ። ሻጯ ገመዶቹን ደረደረችና «ባልሽ የሚነዳው በረጋ ውሃ ነው ወይስ በሚቆጣ?» ብላ አስጠየቀችኝ። «በሚቆጣ» አልኳት፣ ሐይቁን ሳይሆን ራሴን እያሰብኩ።

ቀጭኑ ገመድ ውሃ ስለማይጎትት ለፍጥነት ይመረጣል አለችኝ፤ ማዕበል ላይ ግን አይታመንም። እንደ ስልክ ገመድ የተጠቀለለውም አለ። እሱ እግር ሥር አይንዘላዘልም፣ ግን ተወጥሮ ሲለቅ ቦርዱን ወደ ሰውየው መልሶ ሊያስፈነጥረው ይችላል። ከሥሩ ያ ስለት ክንፍ እንዳለ አስበው። አጭር የሆነም እንደዚያው ያደርጋል። ስለዚህ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ ከቦርዱ ቁመት ረዘም የሚል ፈለግኩ። በሁለቱም ጫፍ እንዳይጠማዘዝ የሚሽከረከር የማይዝግ ብረት አለው፤ ባት ላይ የሚጠመጠመው ድርብ ነው፤ ገመዱ አንድ ነገር ላይ ቢጠመድብህ ደግሞ ቢጫውን መፍቻ አንድ ጊዜ ስትጎትተው ይፈታል። ሻጯ የምትለውን ብቻ አላመንኩም። አንዱን ጫፍ አብዱልበሲጥን አስይዤ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩት። መዳፌ ተላጠ። ገመዱ ምንም አልሆነም።

አንድ ገዛሁ። አንድ ብቻ። ለሌላዋ አባቷ ይግዙላት።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፤ ከዚያ በአውሮፕላን ይደርስሃል። ዓሣ ላጥና እንጂ ዋና እንደማልችል ታውቃለህ። አንተ ውሃ ላይ ስትሆን እኔ የማደርግልህ ነገር የለም። ያለኝ ይኸው ገመድ ነው፤ እሰረው።

የሺመቤት

———

ባሕር ዳር
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየሺ፣

ገመዱ በሰላም ደርሶኛል፤ እጅሽ አይጥፋብኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት በዓይኔ አላየሁም፤ ሔራንም «ያንቺ ሚስት ባለሙያ ናት» ብላኛለች። ያንተ ማለቷ ነው፤ እየሳቀች ስትናገር ትሳሳታለች።

መዳፍሽ ዳነ ወይ?

ባቷን የለካችው ራሷ ናት፣ በልብስ ሰፊ ሜትር፤ ቁጥሩን ነገረችኝ፣ እኔም ቁጥር ከምጽፍልሽ ብዬ «ቀጭን» አልሁ። በዚህ ከተቀየምሽ ይቅርታ። ለቀሩት ጥያቄዎችሽ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ምንም የለም።

ጾሙ ገብቷል። የግቢው ጊሽጣ አፍርቷል፤ አንቺ ስለሌለሽ ወፍ እየበላው ነው። ፋብሪካው መለዋወጫ አጥሮት አንዳንድ ቀን በጊዜ እንለቀቃለን። አብዱልበሲጥን በጣም አመስግኚልኝ፤ አንቺን የሚያግዝ የአገር ሰው በማግኘትሽ ደስ ብሎኛል። ሲመጣ ቤታችን ጋብዢው።

ብሩክ

———

ሞምባሳ
የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብሩክ፣

ከአብዱልበሲጥ ልጀምር። ስለ እሱ የጻፍኩልህ አስቤበት ነው። «ማን ነው? ለምን እሱ ወሰደሽ?» እንድትለኝ። አንዲት ቃል ብትጽፍ ይበቃኝ ነበር። አንተ ግን አመስግኚልኝ አልክ፤ ጋብዢው አልክ። አንተ ሚስቱን እንደሚያምን ሰው ስትጽፍ እኔ የቀረብኝ ሌላ ነገር ነው። ባል ለሚስቱ ትንሽ እንኳ አይሰጋም?

አሁን ወደ ዋናው። ጎረቤታችን አደይ ደውላ ነበር። ክፋት የላትም፤ ደስ ያሰኘኛል ብላ ነው የነገረችኝ። እሑድ ከልጆቿ ጋር ሐይቁ ዳር ወጥታ ሁለታችሁን አየቻችሁ። «ልጅቷ እኮ ትበራለች! እግሯ ላይ ወፍራም ጥቁር ገመድ አስራለች፣ ቢጫ መፍቻ ያለው።»

ቢጫ መፍቻ ያለው።

እኔ መዳፌን የላጥኩበት ገመድ። ለአንድ ሰው ነበር የገዛሁት፣ ለየትኛው ሰው እንደሆነም ጽፌ ነበር። አንተ ግን ወስደህ እግሯ ላይ አሰርክላት። ማነው ያሰረው? አንተ ተንበርክከህ ነው ወይስ እሷ ራሷ? ሌሊቱን ሙሉ ይህንን ነው ያሰብኩት። አንተ ተንበርክከህ ባየሁህ ቁጥር እየተነሣሁ ውሃ ጠጣሁ።

በሠላሳ ስድስት ዓመቴ እንዲህ ያለች ሴት እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም። የልጅቷን ፎቶ ከሎጁ ገጽ ላይ ፈለግኩ። አገኘሁት። ቆንጆ ናት። ስትስቅ ዓይኗ ይጠፋል። ባታምር ኖሮ ይሻለኝ ይመስልህ ይሆናል፤ አይሻለኝም።

ይህን ስታነብ አትደውልልኝ። ድምፅህን ከሰማሁ የምናገረው አይታወቅም።

የሺመቤት

———

ባሕር ዳር
መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሺዬ፣

መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። በአንድ እጅ፣ ያውም በግራዬ ስለምጽፍ ፊደል ቢገደፍ እለፊኝ። ቀኝ እጄን ትንሽ አሞኛል፣ አትጨነቂ።

ገመዱን አዎ፣ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ያሰረችው ራሷ ናት። ምክንያቱን ደህና ስሆን እጽፍልሻለሁ። ሰሞኑን ወደ ሐይቁ አልሄድንም። ሥራም እረፍት ወስጃለሁ።

እናቴ እኛ ቤት መጥታ እያረፈች ነው። ሁሉም ደህና ነው።

ብሩክ

———

ሞምባሳ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እናትህ ከሰባታሚት ተነሥተው እኛ ቤት የሚያርፉት ሰው ሲታመም ነው። እኔን የምታታልል መስሎህ ነው?

አደይን ጠየቅኳት። «እሱ ራሱ ይንገርሽ» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው። መስመሩ አልተቆረጠም፤ ዘጋችው። ብሩክ፣ ምን ሆነህ ነው? ቁጣዬን ለጊዜው ተወው። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፍልኝ። እየቆረጥክ የምትልከውን ወሬ ከእንግዲህ አልፈልግም። የምትደብቀውን ሁሉ እኔ ራሴ እሞላዋለሁ፣ ስሞላው ደግሞ ከእውነቱ ይከፋል።

የሺ

———

ባሕር ዳር
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየሺመቤት፣

እሺ። እንዳልሽው ከመጀመሪያው።

ገመድሽ ሲደርስ ሁለታችን ሎጁ ደጃፍ ቆመን አየነው። ከዚያ አሮጌዎቹን አየን። አዲሱ አንድ ነው፣ ሰዎቹ ሁለት። እኔ አዲሱን ባስር እሷ በተሰነጠቀው መውጣቷ ነው። ክብደቷ ትንሽ ነው፤ ማዕበሉ አርቆ የሚወረውረው እሷን ነው። «አንቺ እሰሪው» አልኋት። «ሚስትህ ለአንተ ነው የላከችው» አለችኝ። «ሚስቴ አታይም» አልሁ። የሺ፣ ይህንን ቃል ብያታለሁ፤ አልሸሽግሽም። ሁለታችንም ሌላ ገመድ እስኪገኝ መቅረት ነበረብን። ግን መውጣት ፈለግሁ።

ያን እሑድ አደይ ካየችን በኋላ፣ በሌላኛው እሑድ፣ ንፋሱ ጥሩ ነበርና ደብረ ማርያምን አልፈን ሄድን። እዚያ ሳለን ሰማዩ በዘጌ በኩል ጠቆረ። ሔራን በእጇ «እንመለስ» የሚል ምልክት ሰጠችኝ። ስዞር ማዕበል ከጎን መታኝና ወደቅሁ። እግሬ ላይ አንድ ነገር ጧ ሲል ተሰማኝ። ብቅ ስል ቦርዴ እየተገለባበጠ ይሄዳል፤ እግሬ ላይ የቀረችው ቁራጭ ገመድ ናት። የሕይወት ጃኬት ለብሻለሁ፣ ግን ጃኬት ያንሳፍፋል እንጂ የትም አያደርስም። ውሃው ዓባይ ወደሚወጣበት መሳብ ጀመረኝ። መዋኘት ሞከርሁ፤ ዳርቻው ባለበት ቆመ።

ሔራን ተመልሳ ደረሰችልኝ። «ብሩክ፣ ቦርዱን ያዝ! ክንፉን እንዳትነካ!» ትላለች። ሰምቻታለሁ፤ እጄ ግን ቀድሞ ሄደ። ፎይሉ ክንዴን ከክርን እስከ አንጓዬ ሰነጠቀው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰው ለአንድ ሰው በተሠራ ቦርድ ላይ ነው። ማዕበል ይመጣና ሁለታችንንም ይጥለናል። ቦርዱ ይሄዳል፤ ገመዱ ይወጠራል፤ እሷ በገመዱ ስባ ታመጣዋለች። እንደገና እንወጣለን። እንደገና ይጥለናል። «አሁንስ ይበጠሳል» አልኋት። «አይበጠስም! ያዝ ብዬሃለሁ!» ብላ ጮኸችብኝ። ደሜ ውሃው ላይ ሲሄድ ጉማሬ እንዳይመጣ ብዬ ነበር የምፈራው። በኋላ ጉማሬ ደም እንደማይከተል አንቺ ራስሽ አንድ ጊዜ እንደነገርሽኝ ትዝ አለኝ።

ከዘጌ የሚመለስ ጀልባ አየንና ሰዎቹ ደረሱልን። መጀመሪያ እኔን ጎተቱ፣ ቀጥለው እሷን። ገመዱ አሁንም እግሯ ላይ ነበር፤ ባቷ አብጦ ስለነበር ጀልባው ውስጥ ሆነው ነው የፈቱላት።

ክንዴ ተሰፍቷል። ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ። ያልነገርሁሽ አንቺን ከማስደነግጥ ብዬ እንዳይመስልሽ። ያተረፈኝ ያንቺ ገመድ በእሷ እግር ላይ ሆኖ ነው፤ ይህን እንዴት አድርጌ እንደምጽፍልሽ ጨነቀኝ።

ብሩክ

———

ሞምባሳ
መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብሩክዬ፣

ደብዳቤህን ያነበብኩት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፣ ቆሜ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አብዱልበሲጥ ውሃ አመጣልኝ።

በመትረፍህ እግዚአብሔር ይመስገን። እሷም በመትረፏ። ይህንን ከልቤ ነው የምለው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውን ስታነብ አትርሳብኝ።

መጀመሪያ አለቀስኩ። ቀጥዬ ቀናሁ። አዎ፣ አሁንም። አንዲት ሴት ባሌን ከሞት አወጣችልኝ፣ እኔ ደግሞ እጇን በመሳም ፈንታ ምነው እኔ በሆንኩ ብዬ አንጀቴ ተቃጠለ። ያዝ ያለችህ እሷ ናት። በጩኸቷ ያበረታችህ እሷ ናት። ደምህ የነካው የእሷን ልብስ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ምን እያደረግኩ እንደነበር ቆጠርኩ፤ የሱፐርማርኬት ወረፋ ላይ ነበርኩ። ከእንግዲህ ብትወዳትም ባትወዳትም በእናንተ መካከል እኔ የሌለሁበት ነገር አለ። ዕድሜ ልካችሁን ስትተያዩ ታስታውሱታላችሁ። እኔ ግን ሁልጊዜ የምሰማው ከሌላ ሰው ነው።

«ሚስቴ አታይም» ላልካት አልመልስልህም። ገና አልበረደልኝም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅህ። በደንብ አስበህ መልስልኝ፣ ልታስደስተኝ ብለህም አትመልስ። ገመድህ ተበጥሶ ውሃው ሲወስድህ፣ በዚያች ሰዓት፣ ማንን ጠራህ?

የሺመቤት

———

ባሕር ዳር
መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሺ፣

ሔራንን ጠራሁ።

«ሔራን! ሔራን!» አልሁ፤ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ። እዚያ የነበረችው እሷ ናት፤ የምትሰማኝም እሷ ናት። እመቤቴን እንኳ የጠራሁት ጀልባው ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው። አንቺን በዚያች ሰዓት አላሰብሁሽም። ሌላ ነገር ልጽፍልሽ ሞከርሁ፣ አጠፋሁት።

ያልጠየቅሽኝን ጨምሬ ልመልስልሽ። ሔራንን እንደ ሴት አልተመኘኋትም። ግን ከሥራ ወጥቼ ወደ ሐይቁ ስሄድ እየፈጠንሁ ነበር የምሄደው። እዚያ ደርሼ እሷ ከሌለች ቅር ይለኝ ነበር። ምን እንደምለው አላውቅም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ከብዶኝ ነበር፤ ይህን ሳልነግርሽ ቀርቼ ለእሷ ነግሬያታለሁ። ከገመዱም ከምኑም ይልቅ የበደልሁሽ በዚህ ይመስለኛል።

ስለ አብዱልበሲጥም ዋሸሁሽ። የመጀመሪያ ደብዳቤሽን አንብቤ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን አንቺ ይዛችሁ፣ ሰው እያያችሁ... ደጋግሞ ይታየኝ ነበር። ትልቅ ሰው መስዬ ለመታየት ነው «ጋብዢው» ያልሁት። አትጋብዢው።

ብሩክ

———

ሞምባሳ
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብሩክ፣

ትናንት ቀኑን ሙሉ ሳልመልስልህ ቆየሁ፤ ይቅርታ። መጀመሪያ «ሔራንን ጠራሁ» የሚለውን ሳይ ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። የባሕሩን ዳርቻ ይዤ እግሬ እስኪዝል ሄድኩ። ባሕሩ ላይ እንደ እናንተው ቦርድ የሚነዱ ሰዎች ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሜ አየኋቸው። አንዱ ውሃውን ለቆ ከፍ ሲል ሳላስበው እኔም አየር ስቤ ኖሯል። እና ገባኝ፣ ትንሽ። ለምን እየፈጠንክ እንደምትሄድ።

ተመልሼ የቀረውን አነበብኩት። ምሳ ያልበላህበትን ቦታ ስደርስ ሳቅኩ፤ ከዚያ እንደገና ተናደድኩብህ። ያን ጊዜ ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ እዚህ ብቻዬን የምቀና መስሎኝ ነበር።

አሁን ስማኝ። «የሺ ብዬ ጠራሁ» ብትለኝ ኖሮ አልመጣም ነበር። መልሱን ሳልጠይቅህ አውቀው ነበር፤ ሰው ውሃ ሲወስደው አጠገቡ ያለውን ነው የሚጠራው። ልፈትንህ ነው የጠየቅኩህ። ብትዋሸኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር፣ ለአንድ ቀን ያህል። ከዚያ በኋላ የምትጽፍልኝን አንዱንም ነገር አላምንህም ነበር።

ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። ለፋሲካ እመጣለሁ። መቅናቴ የቆመ እንዳይመስልህ፤ አልቆመም። ትናንት ሌሊትም ልጅቷን በሕልሜ አይቻት ጸጉሬን ሳበጥር ሰደብኳት። ግን ከአደይ አፍ ከምሰማው በዓይኔ ባየው ይሻለኛል። «ሚስቴ አታይም» ብለህ የለ? ለማየት ነው የምመጣው።

ክንድህን እርጥብ አታስነካው። እናትህን አታድክማቸው፤ ምግቡን ራስህ አሙቅ፣ አንድ እጅ ይበቃል።

አውሮፕላን ማረፊያ ብቻህን ና። ቤታችን ወስደህ አሳድረኝ፤ የከበደህን ሁሉ ለእሷ እንደነገርካት አድርገህ ለእኔ ደግሞ ንገረኝ፣ አንዲትም ሳትቀንስ። በማግስቱ ወደ ሔራን ትወስደኛለህ። እጇን እንደምስም አውቃለሁ። ከዚያ ቀጥዬ ምን እንደምላት ግን፣ እግዜር ነው የሚያውቀው።

የሺመቤት